ቡፌ የማያጨናንቅ የጉዞ ማስታወሻ፦ ከቤተሰብ ጉዞና ከድንኳን አዳር ምን ይዘን እንመለስ?

በብዙ ቤት የሳሎኑ ቡፌ የጉዞ መዝገብ ነው። ከባሕር ዳር የመጣች የደንገል ታንኳ፣ ከላሊበላ የተገዛ የእንጨት መስቀል፣ ከሐረር የመጣች መዳፍ የማትሞላ ሙዳይ፣ ከአርባ ምንጭ ድረስ ጭን ላይ ተይዞ የመጣ የእንጨት አዞ፤ ሁሉም ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ፊት ተደርድረው አቧራ ይለብሳሉ። እንግዳ መጥቶ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ሲል ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ያን ጊዜ የሄድን ጊዜ!» በየትኛው ዓመት እንደነበር፣ ነፋሱ ድንኳኑን እንዴት እንደገለበጠው፣ ትንሹ ልጅ ጭላዳ ሲያይ ምን እንዳለ ከዕቃው አይገኝም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ከጉዞ መትረፍ ያለበት ወሬው ነው፤ ዕቃ የሚፈለገው ወሬውን ለመቀስቀስ ያህል ብቻ ነው። ተሳላሚዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ከግሸን ወይም ከቁልቢ የሚመለስ ሰው ጠበልና እምነት ይዞ ይመጣል፤ ለጎረቤት ይታደላል፣ ይጠጣል፣ ይቀባል፣ ያልቃል። የመንገዱ ጨዋታ ግን እስከ ሚቀጥለው ንግሥ ያደርሳል። ቡፌ አላስፈለገውም።

የሚከተለው አሠራር ልጆች ላሏቸውና በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከከተማ ወጣ ለሚሉ ቤተሰቦች የታሰበ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ በድንኳን ለሚያድር፣ ላንጋኖ ዳር ቅዳሜና እሑድን ለሚያሳልፍ፣ ወይም ጠዋት መናገሻ ሱባ ደን ሄዶ ማታ ለሚመለስ እኩል ያገለግላል። ወጪው ከአንድ ደብተር ዋጋ ብዙም አያልፍም።

ደረጃ 1፦ ከመነሣታችሁ በፊት ሕጉን አውጡ

ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ መስመር የሌለው አንድ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ አይደለም፤ ለሁሉም ጉዞ አንድ ነው። ለአንድ ጉዞ የሚፈቀደው ደብተሩ ሲገለጥ ግራና ቀኝ የሚታየው ሁለት ገጽ ብቻ ይሁን። ገደቡ ወረቀት ለመቆጠብ አይደለም። ቦታ ሲጠብ ቤተሰቡ ለመምረጥ ይገደዳል፤ ለመምረጥ ይከራከራል፤ ሲከራከር ያስታውሳል።

በደብተሩ የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ላይ አንድ የወረቀት ፖስታ ለጥፉ። የፓርክ መግቢያ ደረሰኝ፣ የጀልባ ቲኬት፣ የቡና ቤት ናፕኪን ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ እዚያ ይገባል። ጠፍጣፋ ያልሆነ አይገባም።

ሌላው የሚያስፈልገው አንድ የጫማ ካርቶን ነው። የቤተሰቡ የጉዞ ዕቃ በሙሉ ከዚህ ካርቶን ማለፍ የለበትም። ሲሞላ፣ አዲስ ለማስገባት አሮጌ ይወጣል። ይህን ሕግ ገና ከቤት ሳትወጡ ለልጆቹ ንገሯቸው። ልጁ ድንጋዩን በእጁ ጨብጦ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ የሚወጣ ሕግ ትርፉ ልቅሶ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ሹመት ስጡ። አንዱ የድምፅ ሹም ይሆናል፤ አንዷ የሥዕል ኃላፊ ትሆናለች፤ ሌላው የት እንደቆማችሁና ምን እንደበላችሁ ይመዘግባል። «የድምፅ ሹም» የተባለ የሰባት ዓመት ልጅ ስልኩን ለጨዋታ አይጠይቅም ብዬ አልዋሽም፤ ለሥራ የሚጠይቅበት ጊዜ ግን ይበዛል።

ስልካችሁንም አዘጋጁ። ውስጡን የሞሉትን አሮጌ ቪዲዮዎች አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ከስልኩ አጥፉ። የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ክፈቱ፤ ኔትወርክ በሌለበት ተራራ ላይ እንኳ ስልኩ ከሳተላይት ቦታውን ስለሚይዝ፣ ከዓመታት በኋላ «ይህ ወንዝ የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ወደ ደጋ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ብርዱን አስቡ። ሳንቃበርም ሆነ ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሌሊት ውሃ እስከ መርጋት ይደርሳል፤ ብርድ የስልክ ባትሪን ቶሎ ይጨርሰዋል። ማታ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ።

ደረጃ 2፦ ማታ ማታ አምስት መስመር

ከእራት በኋላ፣ እሳቱ ዳር ወይም ድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን፣ ደብተሩ ይውጣ። አምስት መስመር ብቻ ይጻፋል፤ ያየነው፣ የበላነው፣ የሳቅንበት፣ የተናደድንበትና ያገኘነው ሰው። አራተኛውን አትዝለሉት። ጎማ የፈነዳበት፣ ክብሪት የረጠበበት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ብርድ ልብስ የተጣሉበት ምሽት ከፏፏቴው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

«በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር» የሚል መስመር ምንም አያስቀርም፤ በየትኛውም ጉዞ ላይ ሊጻፍ ይችላልና። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከዲንሾ ወጣ እንዳልን ደጋ አጋዘን መንገዱ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለን፤ ሾፌሩ ጥሩምባ አልነፋም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀው።» የልጆችን ንግግር እንዳሉት ጻፉ፤ አታርሙላቸው። ቀይ ቀበሮን «የተቀባ ውሻ» ያለ ልጅ ከሆነ «የተቀባ ውሻ» ብላችሁ ተዉት።

በእርሳስ ጻፉ። የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል፤ በብርድም እምቢ ይላል። በገጹ ራስ ላይ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ። ስልኩ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በኋላ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ውስጥ እንዳትዋልሉ፣ «2017» ብላችሁ ስትጽፉ «ዓ.ም.» መሆኑን ጨምሩበት።

ገና መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ይሣል። አንድ ነገር መርጦ፣ ተቀምጦ፣ እያየ ይሣል እንጂ ከፎቶ አይገልብጥ። ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ የሚቆመው ጅብራ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ቀጥ ያለ አንድ መስመርና ከሥሩ የቅጠል ክምር ከሆነ ማንም ያውቀዋል።

ቅጠል ለወደደ ልጅ የሚሆን ሌላ ዘዴም አለ፤ ቅጠሉን ሳይወስዱ መልኩን መውሰድ። የወደቀ ቅጠል ፈልጉ። ሥሩ የጎላበትን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት። ስስ ወረቀት ከላይ ጣሉበት፤ በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙና እርሳሱን አጋድማችሁ በቀስታ አሹት። የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ሲያልቅ ቅጠሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ግን በጥንታዊ ሕንፃ ላይ አትሞክሩት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት አለት ለስላሳ ነው፤ እያንዳንዱ ጎብኚ ወረቀት አስደግፎ ቢያሸው ጌጡ ይረግፋል። እዚያ ዓይንና እርሳስ ብቻ ይበቃሉ።

ደረጃ 3፦ ድምፅ ቅዱ

ከሁሉም የማስታወሻ ዓይነት እኔ የማስቀድመው ድምፅን ነው፤ የሚገርመው ግን የሚያስበው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ሁሉም ስልክ መቅጃ አለው። አንድ ደቂቃ በተለመደው ጥራት አንድ ሜጋባይት ያህል ቢይዝ ነው፤ ከአንድ ፎቶ ያነሰ። መደርደሪያ አይፈልግም፣ አቧራም አይጠጣም። ፎቶ ቦታውን ከውጭ ያሳያል፤ ድምፅ ግን ሰውየውን መልሶ እዚያው ያስቀምጠዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዝናብ በድንኳን ሸራ ላይ ሲወርድ ብትሰሙ የምለው ይገባችኋል።

ምን ይቀዳ? ስሜን ላይ ከሆናችሁ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ እርስ በርስ የሚያጉረመርሙትን፤ ሐረር ከሆናችሁ በጀጎል ውስጥ የንጋቱን አዛን፤ ጣና ላይ የጀልባውን ሞተርና የቀዛፊውን ጥሪ፤ ላሊበላ ከሆናችሁ የከበሮና የጸናጽሉን ምት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የራሳችሁን ቤት ድምፅ አትርሱ። የድንኳን ዚፕ ሲከፈት፣ የቡታጋዙ ፉጨት፣ ልጆቹ «ጅብ ነው!» እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ፣ የአባት ማንኮራፋት። የመጨረሻው በኋላ ክርክር ያስነሣል፤ ማስረጃ ይዞ መገኘት ጥሩ ነው።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስልኩን ከጥሪ ዝጉት፤ አውሮፕላን ምልክቱን ንኩ። መቅጃውን ስትከፍቱ ቦታውንና ቀኑን በቃል ተናገሩ፦ «ዛሬ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት፣ ሳንቃበር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት።» የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ ይህ አይጠፋም። ከዚያ ዝም በሉ። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ለልጅ አንድ ደቂቃ ዝምታ ረጅም ስለሆነ ውድድር አድርጉት። ነፋስ ካለ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና የስልኩን ማይክ በነጠላ ጫፍ በአንድ እጥፍ ሸፍኑት። ነፋሱ የሚፈጥረው ጩኸት ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ያልፋል። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

አያት አብረው ከተጓዙ ዕድሉን አታሳልፉት። ምሽት ላይ ልጁ ስልኩን ይያዝና ይጠይቅ፦ «እማማ፣ እርስዎ በልጅነትዎ በዚህ መንገድ በምን ነበር የሚሄዱት? ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?» ጥያቄው ስለ መንገድ፣ ስለ ስንቅ፣ ስለ ማደሪያ ይሁን። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ቢባሉ ብዙ አዛውንቶች «ምን ሕይወት አለኝ ልጄ» ብለው ይዘጉታል፤ ስለ በቅሎ ሲጠየቁ ግን ሌሊቱ አይበቃም።

ደረጃ 4፦ ፎቶ ቀንሱ፣ ዓይነቱን ለውጡ

ከሐውልት ወይም ከፏፏቴ ፊት ተሰልፎ መነሣት አይቀርም፤ አንድ ጊዜ ተነሡና ጨርሱ። ከዚያ ማንም የማያነሣውን አንሡ። የፓርኩን መግቢያ ሰሌዳ (ስሙን ከመጻፍ ያድናል)፣ ድንኳን የሚተክሉትን እጆች፣ የቀረበውን ምግብ፣ በጭቃ የተለወሰውን የመኪና ጎማ።

በየጉዞው የሚደገም አንድ ፎቶም ይኑራችሁ። ለምሳሌ የሁሉም ሰው ጫማ ከድንኳኑ በር ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፎ። በየዓመቱ ያው ቅደም ተከተል፣ ያው አቅጣጫ። ትንሿ ጫማ ከእናቷ ጫማ ጋር የምትስተካከልበት ዓመት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከማንኛውም የተገዛ ዕቃ በላይ ቤቱን የምታነጋግረው እርሷ ናት።

ሰው ስታነሡ ጠይቁ። በአንዳንድ አካባቢ፣ በተለይ በደቡብ ኦሞ፣ ለፎቶ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ተስማሙ። አስጎብኚያችሁን ወይም ስካውቱን (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ) ካነሣችሁ ደግሞ ስልኩን ጠይቃችሁ ፎቶውን ላኩለት። ለጎብኚ ፈገግ ብሎ ተነሥቶ የራሱን ፎቶ አይቶ የማያውቅ ሰው በየፓርኩ ሞልቷል።

ደረጃ 5፦ የማይነሣውን አታንሡ

ልጅ ድንጋይ ያነሣል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ጥቁርና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ባልጩት መሬት ላይ ይገኛል፤ ለኪስ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለው የመልካ ቁንጥሬ መካነ ቅርስ በዓለም ቅርስነት በ2024 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው እንዲህ ባለው ድንጋይ የጥንት ሰዎች በሠሩት መሣሪያ ጭምር ነው። በእጃችሁ ያለው ስባሪ ተራ ድንጋይ ይሁን የአንድ የጥንት ሰው መፋቂያ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ቦታው ላይ ከተቀመጠ ለተመራማሪ ይናገራል፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከገባ ዝም ይላል።

ቀንድ፣ ቆዳ፣ ላባና የዝሆን ጥርስ ደግሞ ጥያቄ ውስጥ የሚገቡ አይደሉም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳት ውጤትን ያለ ፈቃድ መያዝንና ማዘዋወርን ይከለክላል። የጥንት ብራና፣ መስቀልና ሥዕልም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጡም። «አሮጌ ነው፣ ከገዳም የመጣ ነው» ብሎ በሹክሹክታ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ዕቃው ሐሰተኛ ከሆነ ተታላችኋል፤ እውነተኛ ከሆነ የባሰ ነው።

ለልጁ ምን ይባል? ድንጋዩን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ይነሣ፤ እጁ መጠኑን ያሳያል። ስም ያውጣለት፤ ስሙ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ራሱ ይመልሰው፤ የመለሰበትንም ቦታ ያስታውስ። ብዙ ልጆች «ሌላ ጊዜ መጥቼ አየዋለሁ» በሚል ውል ይስማማሉ።

ደረጃ 6፦ የሚበላ ነገር ይዛችሁ ግቡ

ከመንገድ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ ቤት የቀረ ልጅም «ምን አመጣችሁልን?» ይላል፤ ደግሞም ደግ ልማድ ነው። መልሱ የሚበላና የሚጠጣ ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ቡፌውም ይተርፋል።

በደሴ መንገድ ሸኖ ላይ ቅቤ አለ። በሐዋሳ መንገድ ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዓሣ መንገድ ዳር ይሸጣል። ወንጪ ከሄዳችሁ ማር፤ ባሌ ተሻግራችሁ ሐረና ደን ከገባችሁ የጫካ ቡና፤ ሐረር ከሆናችሁም የሐረር ቡና። ቡናውን ጥሬውን ግዙ። የተቆላ ቡና በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይጠፋል፤ ጥሬው ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ሦስት ቦታ ከፋፍላችሁ አስቀምጡና አንዱን በተመለሳችሁበት ሳምንት፣ ሁለቱን ከወራት በኋላ አፍሉ። በዚያ ቀን ደብተሩ ይውጣ፤ ከአቦል እስከ በረካ ስለዚያ ጉዞ ይወራ፤ የተቀዳው ድምፅ ይከፈት።

በማሩ ጠርሙስ ወይም በቡናው ከረጢት ላይ ትንሽ ወረቀት በክር እሰሩ፤ ከየት፣ ከማን እጅ፣ መቼ እንደተገዛ ይጻፍበት። ማሩ ሲያልቅ ጠርሙሱ ታጥቦ ለበርበሬ ይውላል፤ ወረቀቷ ደብተሩ ውስጥ ትለጠፋለች።

ከዚህም የሚልቅ ስጦታ አለ፤ የምግብ አሠራር። አርሲና ባሌ የተጓዘ ሰው ጭኮ መቅመሱ አይቀርም። ያስተናገደችዋን ሴት «እትዬ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁና እየሠራች እያለ ተመልከቱ። ገብሱ ተፈትጎ ይቆላል፤ ይፈጫል፤ በቅመም የተነጠረ ቅቤ ትንሽ በትንሽ እየተጨመረ፣ ጨው ጣል ተደርጎ፣ ቅቤውን ዱቄቱ እስኪጠጣው ይታሻል። ውሃ ስለማይነካው ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ለሚቀጥለው ጉዞም ስንቅ ይሆናል። መጠኑን «አንድ እፍኝ» ካለች እፍኝ ብላችሁ ጻፉ፤ ወደ ግራም አትለውጡት። ቤት ገብታችሁ የመጀመሪያው ሙከራ እንደ እርሷ አይሆንም፤ እርሱም ያው ሌላ ወሬ ነው።

መግዛት ካልቀረላችሁ አንድ ሕግ ይበቃል። የሚገዛው ቤት ውስጥ የተሰበረን ወይም ያለቀን ነገር የሚተካ ይሁን። ጀበና ከተሰነጠቀ ጎንደር ስትደርሱ ወለቃ ላይ ሸክላ ትገዛላችሁ፤ ጋቢ ካረጀ ዶርዜ አለላችሁ። በየቀኑ የሚነካ ዕቃ አቧራ አይለብስም፤ ሲሰበርም ለሌላ ጉዞ ምክንያት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ በተመለሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ከሳምንት ያለፈ ፎቶ ዓመት ያልፋል።

በአንድ ምሽት ሁሉም ተሰብስቦ ፎቶዎቹን ይይ። እያንዳንዱ ሰው አምስት ይምረጥ፤ ሁለት ሰው የመረጠው አስቀድሞ ይገባል። በጠቅላላው ሃያ ያህል ይቅሩ። ሌላውን ለማጥፋት የሚሳሳ ሰው ካለ (በየቤቱ አንድ አለ) «ትርፍ» የሚል ማኅደር ከፍታችሁ ለአንድ ዓመት አቆዩለት፤ በዓመቱ ማንም ካልከፈተው ያለ ክርክር ይጠፋል።

የተመረጡትን ስም ስጧቸው። ዓመቱ ቀድሞ፣ የወሩ ቁጥር ተከትሎ፣ ቦታው መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፦ «2017-02 ስሜን 01»። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ 02 ነው፤ ጳጉሜን 13 ትሆናለች። የድምፅ ፋይሎቹም ያንኑ ስም ይያዙ።

በቴሌግራም የምትለዋወጡ ከሆነ ፎቶውን በ«ፋይል» መልክ ላኩት። በተለመደው መንገድ ሲላክ ታምቆ ነው የሚሄደው፤ በስልክ ላይ ያምራል፣ ፎቶ ቤት ሲታተም ይደበዝዛል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጥሩ ኅትመት ፎቶው ቢያንስ 1,200 በ1,800 ነጥብ (ፒክስል) ያህል ሊኖረው ይገባል። ልብ በሉ፤ በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ የተነሣበትን ቦታም ይዞ ይሄዳል፤ ለቤተሰብ እንጂ ለማያውቁት ሰው አይላክ።

አንድ ፎቶ ብቻ አሳትሙ። ለሁለቱ ገጾች የምትሆን አንዲት። ቀኑና የሰዎቹ ስም በጀርባዋ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ ወረቀቱ ልሙጥ ሆኖ እርሳስ አልይዝ ካለ ከሥሯ በገጹ ላይ ይጻፍ። በሙጫ አትለጥፏት፤ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ቁራጭ ያዙ። ያ በላስቲክ ገጽ የሚሸፈነው የድሮ አልበም ሙጫው ከጊዜ በኋላ እየጠቆረ ስንት የሠርግ ፎቶ እንዳበላሸ እናቶቻችን ያውቃሉ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ክፈፍ ይኑር። የመጨረሻው ጉዞ ፎቶ ከፊት ይሆናል፤ የበፊቶቹ ከኋላው በዚያው ክፈፍ ውስጥ ይደራረባሉ። የኢትዮጵያን ካርታ መስቀልም ይቻላል፤ የተሄደበት መንገድ ብቻ በባለ ቀለም እርሳስ ይከተላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

የተመረጡት ፎቶዎችና ድምፆች ሁለት ቤት ይቀመጡ፤ አንዱ እናንተ ዘንድ፣ አንዱ በፍላሽ ተገልብጦ እህት ወይም አክስት ዘንድ። ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽም ዕድሜው አጭር ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወደ አዲስ ይገልበጥ።

ቡፌው ላይ ያሉትስ?

አትጣሏቸው፤ አስመርቋቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አውርዱ። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የሚያስታውስ ሰው ካለ ያስታወሰው ይቀዳ፣ ዕቃው ፎቶ ይነሣ። ማንም ምንም ያላለለት ዕቃ ለሚወደው ሰው ይሰጣል። የደንገሏ ታንኳ ባሕር ዳርን አይቶ ለማያውቅ የጎረቤት ልጅ ታላቅ ስጦታ ናት። በጸሎት የተባረከ መስቀል ወይም የአያት ስጦታ የሆነ ዕቃ በዚህ ሕግ አይዳኝም፤ ቦታውን ይዞ ይቀመጥ።

በውጭ አገር ላላችሁ

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ ስትመለሱ ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በቅቤ እንደሚሞላ የታወቀ ነው፤ ለእንጨት አዞ ኪሎ አይተርፍም። ለእናንተ ድምፅና የምግብ አሠራር ከሁሉም ይቀላሉ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የብሔራዊ ፓርኮች የማኅተም ፓስፖርት የሚባል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ትንሽ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ ይገዛል፤ በየፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ቀኑና የቦታው ስም ያለበት ማኅተም ግን በነፃ ይመታል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ሸናንዶዋን ልትጀምሩበት ትችላላችሁ። ልጆች በብዙዎቹ ፓርኮች የሥራ ደብተር ሞልተው፣ ቃል ገብተው የ«ትንሽ ጠባቂ» ባጅ ይቀበላሉ። ባጁ ለጫማ ካርቶኑ ይሆናል፤ ትንሽ ነው። በአማርኛ አምስት መስመር መጻፉ ግን አይቅር፤ ለልጆቹ ከቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ይልቅ ደስ የሚል ልምምድ ነው።

በዓመት አንዴ

ጳጉሜን ለዚህ ሥራ ትመቻለች፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፣ ሁሉም ቤቱን ለዘመን መለወጫ ያጸዳል። ካርቶኑ ይከፈት፤ ከነበረው በላይ ከሆነ የሚወጣው ይውጣ። ፖስታው ይታይ፤ የደበዘዘ ደረሰኝ ካለ ፎቶ ተነሥቶ ይጣል፤ የደረሰኝ ወረቀት ጽሑፍ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። «ትርፍ» የተባለው ማኅደር ይጠፋ። ከዚያ ከድምፆቹ ጥቂቱን መርጣችሁ የቦታውን ስም ሳትናገሩ አሰሙና ልጆቹ የት እንደሆነ ይገምቱ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን የተናገራችሁበትን ክፍል ዝለሉት፤ አለዚያ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያልቃል።